ገበያ ሲቀዘቅዝ የሥራ አጥ ቁጥርን እንዴት እናንብብ?

ዜና ላይ «የሥራ አጥነት ምጣኔ ቀነሰ» ሲባል አብዛኛው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ እንዳለ ይቀበላል፣ ወይ «እሱማ ወረቀት ላይ ነው» ብሎ ቻናል ይቀይራል። በሁለቱም መንገድ ቁጥሩ ውስጥ ያለው ነገር ያመልጠናል። ቁጥሩ በትክክል ተሰልቶ እያለ፣ በዚያው ወቅት ሰፈራችን ውስጥ ሥራ ያጣው ሰው ሊበዛ ይችላል። ኢኮኖሚ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይህ ደጋግሞ ይከሰታል።

ይህ መመሪያ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከለገሃር እስከ አራት ኪሎ ላይ ታች ለሚል ሰው የተጻፈ ነው። ሥራ ለሚፈልግ፣ ጥቂት ሠራተኛ ይዞ ሱቅ ለሚያስተዳድር፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠራ ተማሪ፣ ዜና ለሚጽፍ። ሒሳቡ መደመርና ማካፈል ብቻ ነው። የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ማን «ሥራ አጥ» እንደሚባል እወቁ

አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመው፣ ጋዜጣ ተከራይተው ክፍት የሥራ ቦታ የሚያነቡ ወጣቶችን አስቡ። ሁሉም ሥራ የላቸውም ብለን እናልፋለን። ስታቲስቲክስ ግን እንደዚያ አይቆጥራቸውም።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ያወጣው መለኪያ በሦስት ጥያቄዎች ላይ ይቆማል። ባለፉት ሰባት ቀናት ለክፍያ ወይም ለትርፍ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሠርተዋል? ካልሠሩ፣ ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ ለማግኘት ሞክረዋል? ሥራ ቢገኝ ለመጀመር ዝግጁ ነዎት? ለመጀመሪያው «አልሠራሁም»፣ ለሁለቱ «አዎ» ያለ ሰው ብቻ ሥራ አጥ ተብሎ ይመዘገባል።

አሁን ወደ ሰሌዳው እንመለስ። አንዱ ወጣት ቅዳሜ ግማሽ ቀን መርካቶ ዕቃ ሲያወርድ ውሎ ተከፍሎታል። እሱ «ሠራተኛ» ነው። አጠገቡ ያለው አንድ ብር አላገኘም፣ ግን በየቀኑ ማመልከቻ ያስገባል። እሱ «ሥራ አጥ» ነው። እህቱ ደግሞ አብራው ተመርቃለች። ከብዙ ሙከራ በኋላ ተስፋ ቆርጣ ቤት ተቀምጣለች። እሷ በዚህ መለኪያ ሠራተኛም ሥራ አጥም አይደለችም። «ከሠራተኛ ኃይሉ ውጭ» ትባላለች፤ ከተማሪው፣ ከጡረተኛውና ከታመመው ሰው ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ትገባለች።

ስለዚህ ሳጥኖቹ ሦስት ናቸው። ዜና የሚነግረን ስለ አንዱ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ግን ትልቁ እንቅስቃሴ ያለው ሦስተኛው ሳጥን ውስጥ ነው።

አንድ የሚያምታታ ሁኔታ ልጨምር። ድርጅቱ «ለጊዜው ዘግተናል፣ ስንከፍት እንጠራችኋለን» ያላቸው ሠራተኞች የት ይገባሉ? ሥራ አለኝ ይላሉ፤ ደመወዝ ግን የለም። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2020 ይህ ጥያቄ ትልቅ ልዩነት ፈጥሯል። ይፋ የሆነው የሥራ አጥነት ምጣኔ 14.7 በመቶ ነበር። የሥራ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ራሱ አብሮ እንዳስታወቀው፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከሥራ የቀሩ ብዙ ሰዎች «ሥራ ያላቸው» ተብለው ተመዝግበዋል። በትክክለኛው ሳጥን ቢገቡ ኖሮ ምጣኔው ወደ አምስት የመቶኛ ነጥብ ያህል ከፍ ይል ነበር። የሠለጠነ ጠያቂ፣ ገንዘብና ቴክኖሎጂ ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ ሌላ ቦታም ይህንን ጥያቄ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እኛም ጋ ተመሳሳይ ጉዳይ ነበር። በ2012 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ፣ ማስፈጸሚያ ደንቡ አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ከልክሎ ነበር። ዓላማው ሰውን መጠበቅ ነው፤ ጥሩ ዓላማ ነው። ለቁጥር አንባቢ ግን ትርጉም አለው። ውሉ ሳይቋረጥ ገቢው የቀነሰበት፣ ያለ ክፍያ ዕረፍት የወጣ የሆቴል አስተናጋጅ በሥራ አጥነት ምጣኔው ውስጥ ላይታይ ይችላል።

ደረጃ 2፦ የአገራችን ጥናት እንዴት እንደሚቆጥር አጣሩ

ቁጥሩን የሚያወጣው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው። ብዙዎቻችን እስካሁን በድሮ ስሙ «ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ» እንለዋለን። ሁለት ዓይነት ጥናት አለው። አንዱ አገር አቀፉ የሰው ኃይል ጥናት ነው፤ በ1991፣ በ1997፣ በ2005 እና በ2013 ዓ.ም ተካሂዷል። ሌላው ከተማን ብቻ የሚመለከተው የሥራ ስምሪትና ሥራ አጥነት ጥናት ነው። ስለ አዲስ አበባ የምታነቡ ከሆነ መጀመሪያ የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በ2013ቱ ጥናት የአገሪቱ የሥራ አጥነት ምጣኔ 8 በመቶ ነበር። የከተማው ግን ከ18 በመቶ በላይ ነው። ገጠር ውስጥ ማሳ ያለው ሰው ምንም ቢቸግረው «አልሠራሁም» አይልም። የአገሩን አማካይ ይዞ ስለ ካዛንቺስ ወይም ስለ ስታዲየም አካባቢ መናገር ስህተት ነው። ዜናው «በአገር ደረጃ» ይላል ወይስ «በከተማ»? አንድ ቃል ናት፤ ቁጥሩን ግን ከእጥፍ በላይ ትለውጠዋለች።

ከዚያ ትርጓሜውን እዩ። የአገራችን ጥናቶች ለረጅም ጊዜ ላላ ያለውን መለኪያ ሲጠቀሙ ቆይተዋል። ሥራ የሌለውና ለመሥራት ዝግጁ የሆነ ሰው፣ ሥራ ፍለጋ ባይወጣም እንኳ ሥራ አጥ ይባላል። ምክንያቱ አሳማኝ ነው። ሥራ በሌለበት ቦታ «ለምን ሥራ ፍለጋ አልወጣህም?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። በዚህ መለኪያ ቅድም ያልናት እህት ወደ ሥራ አጦች ሳጥን ትመለሳለች። ስለዚህ የእኛን ምጣኔ ከሌላ አገር ምጣኔ ጋር ዝም ብሎ ማወዳደር አይቻልም። በ2010 ዓ.ም የከተማ ጥናቱ ያገኘው 19.1 በመቶ ነበር። ጥብቁ መለኪያ ቢሠራበት ዝቅ ይል ነበር።

ዕድሜውም ይለያል። የእኛ ጥናት ከ10 ዓመት ጀምሮ ያለውን ሰው ይጠይቃል፤ ብዙ አገሮች ከ15 ይጀምራሉ። የሰዓቱ መለኪያም በጊዜ ሒደት ተቀይሯል። በ1991 እና በ1997ቱ ጥናት ሠራተኛ ለመባል በሳምንት ቢያንስ አራት ሰዓት መሥራት ያስፈልግ ነበር። ሁለት ዓመቶችን ስታወዳድሩ መለኪያቸው አንድ መሆኑን ከሪፖርቱ የትርጓሜ ክፍል አረጋግጡ። ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ፊት ላይ ነው፤ ሰው ግን ዘሎት ወደ ሠንጠረዡ ይሮጣል።

በመጨረሻ ማን እንዳልተጠየቀ እዩ። ጥናቱ የሚሄደው ቤት ለቤት ነው። ጎዳና ላይ የሚያድረው ሰው፣ በጋራ መኖሪያ ተቋማት ውስጥ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይካተትም። ከለገሃር እስከ ቸርችል ጎዳና ማታ ያለፈ ሰው ይህ ምን ያህል ክፍተት እንደሆነ ያውቃል። የ2013ቱ አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ትግራይን አላካተተም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ነው። ያኔ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ዛሬ የናሙናው ውጤት ወደ ጠቅላላ ሕዝብ የሚባዛው ከዚያ ቆጠራ በተሠራ ትንበያ ነው። ስለዚህ ከሰው ብዛቱ ይልቅ ምጣኔው የተሻለ ይታመናል።

ደረጃ 3፦ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩ

እዚህ ጋ ቆም እንበል። የመመሪያው ዋና ነገር ይህ ነው።

አንድ ሰፈር ውስጥ ለሥራ የደረሱ 200 ሰዎች አሉ እንበል። 120ዎቹ ይሠራሉ። 30ዎቹ ሥራ ይፈልጋሉ። 50ዎቹ ተማሪ፣ ጡረተኛ ወይም ቤት የሚውሉ ናቸው። የሥራ አጥነት ምጣኔ ማለት ሥራ አጡን ለሠራተኛውና ለሥራ አጡ ድምር ማካፈል ነው። ለ200 አይደለም የሚካፈለው። 30 ለ150 ሲካፈል 20 በመቶ ይሆናል።

አሁን ገበያው ቀዘቀዘ። ሆቴሉ ስብሰባ አጣ፣ ግንባታው ቆመ፣ አስመጪው ዶላር አጣ። 15 ሰው ከሥራ ተባረረ። ከእነዚህ 5ቱ ሥራ መፈለግ ጀመሩ። 4ቱ መንገድ ላይ ሶፍትና ካልሲ መሸጥ ጀመሩ። 6ቱ ቤት ተቀመጡ። ቀድሞ ሥራ ይፈልጉ ከነበሩት 30 ሰዎች ደግሞ 8ቱ «ለትራንስፖርት ብር ማውጣቱ ምን ዋጋ አለው?» ብለው መፈለግ አቆሙ።

እንደምር። የሚሠሩት 120 ሲቀነስ 15 ሲደመር 4፣ ማለትም 109 ናቸው። ሥራ አጦቹ 30 ሲደመር 5 ሲቀነስ 8፣ ማለትም 27 ናቸው። ከሠራተኛ ኃይሉ ውጭ ያሉት 64 ሆኑ። ድምሩ አሁንም 200 ነው። ምጣኔው? 27 ለ136 ሲካፈል 19.9 በመቶ።

ቀነሰ! አሥራ አምስት ሰው ሥራ አጥቶ፣ ዜናው «ሥራ አጥነት በመጠኑ ቀነሰ» ማለት ይችላል። ማንም አልዋሸም። መፈለግ ያቆመው ሰው ከሥራ አጡ ቁጥር ስለወጣ ነው።

በላላው መለኪያ እንሞክረው። ቤት ከተቀመጡት 14 አዳዲስ ሰዎች 10ሩ «ሥራ ቢገኝ ነገውኑ እጀምራለሁ» አሉ እንበል። ሥራ አጡ 37 ይሆናል። 37 ለ146 ሲካፈል 25.3 በመቶ። ሰፈሩ አንድ ነው፣ ሰዎቹም አንድ ናቸው። አንዱ መለኪያ 19.9 ይላል፣ ሌላው 25.3።

ስለዚህ ገበያ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ ሌላ ቁጥር ፈልጉ፦ ለሥራ ከደረሰው ሕዝብ ውስጥ የሚሠራው ድርሻ። የሚካፈለው ለ200 ነው። ከቅዝቃዜው በፊት 120 ለ200፣ 60 በመቶ ነበር። አሁን 109 ለ200፣ 54.5 በመቶ ሆኗል። ይህ ቁጥር ተስፋ በቆረጠ ሰው አይታለልም። አንድ ቁጥር ብቻ የማየት ዕድል ቢሰጠኝ፣ በክፉ ጊዜ ይህንን እመርጣለሁ።

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 2020 ሁለተኛ ሩብ ዓመት በእውን ሆኗል። እንቅስቃሴ ተከልክሎ 2.2 ሚሊዮን ሰው ከሥራ ወጣ። የሚሠራው ሰው ወደ 14.1 ሚሊዮን ወረደ። በዚያው ሩብ ዓመት ይፋዊው የሥራ አጥነት ምጣኔ ከ30.1 ወደ 23.3 በመቶ ወረደ! ሰው ከቤት መውጣት ስላልቻለ ሥራ አልፈለገም። ሥራ ስላልፈለገ ሥራ አጥ አልተባለም። ተስፋ የቆረጡትን የሚጨምረው ሰፊው መለኪያ ግን ወደ 42 በመቶ ወጣ። ከሕዝቡ የሚሠራው ድርሻም ወደ 36.3 በመቶ ወረደ። የአገሪቱ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሁሉንም ቁጥሮች ጎን ለጎን አውጥቷል። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ኢኮኖሚው የዳነ መስሎት ነበር።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሥራ ያጣ ሰው ከተማውን ጥሎ ሊሄድ ይችላል። የቤት ኪራይ አልቻለም፣ ወላጆቹ ጋ ወደ ክፍለ ሀገር ተመለሰ። ያኔ ከአዲስ አበባ ሥራ አጥ ቁጥርም፣ ከሚካፈልበት ድምርም ይወጣል። ገጠር ደርሶ ቤተሰብ እርሻ ላይ ካገዘ ደግሞ እንደ ጥናቱ ትርጓሜ ሠራተኛ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። በፈረንጆቹ ጥር 2022 ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከመላክ ዕድል) ስትወጣ ሥራ ያጡት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወጣት ሴቶችም ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ነበሩ። ወደ ቤት የተመለሰች ልጅ የከተማውን ምጣኔ አታሳድገውም።

ደረጃ 4፦ «ሠራተኛ» በተባለው ሳጥን ውስጥ ግቡ

አገራችን ውስጥ ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል የሥራ አጥነት መድን የለም። የሥራ ስንብት ክፍያ አለ፤ እሱም መደበኛ ውል ለነበረው ነው። ስለዚህ ደሃ ሰው ለረጅም ጊዜ ሥራ አጥ ሆኖ መቆየት አይችልም። መብላት አለበት። ቅድም ሶፍትና ካልሲ መሸጥ የጀመሩትን 4 ሰዎች አስታውሱ። በማንኛውም መለኪያ ሠራተኞች ናቸው። አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ የነበረ ሊሆን ይችላል።

በእኔ እምነት የአዲስ አበባ ቅዝቃዜ በዋናነት የሚታየው እዚህ ነው። ሰው ከሥራ ወደ ሥራ አጥነት አይወርድም። ከተሻለ ሥራ ወደ ባሰ ሥራ ይወርዳል። የቢሮ ሠራተኛ የነበረው የዘመዱን መኪና ይዞ የራይድ ሾፌር ይሆናል። ልብስ ስፌት የነበረው ሱቅ በደረቴ ይሆናል። የሥራ አጥነት ምጣኔው ንቅንቅ አይልም። ሰርግና ቅርጫ ላይ የሚዋጣው ብር ግን ይቀንሳል።

ይህንን ለማየት ሦስት ነገር ከሪፖርቱ ፈልጉ። የመጀመሪያው የሥራ ሰዓት ነው። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሠርተው «ብጨምር ደስ ይለኝ ነበር» ያሉት ስንት ናቸው? ሪፖርቶች ይህንን ከአቅም በታች ሥራ ይሉታል። ሁለተኛው መደበኛ ባልሆነ ዘርፍ የሚሠራው ድርሻ ነው፤ ንግድ ፈቃድ የሌለው፣ የሒሳብ መዝገብ የማይያዝበት ሥራ። ሦስተኛው የሥራው ዓይነት ነው። ተቀጣሪ፣ የራሱን ሥራ የሚሠራ፣ ወይስ ያለ ክፍያ ቤተሰብን የሚያግዝ? ተቀጣሪው እየቀነሰ የራሱን ሥራ የሚሠራው ከጨመረ፣ «ሥራ ፈጣሪነት ተስፋፋ» ከማለታችን በፊት ገቢውን እንጠይቅ።

ደመወዝ ደግሞ ከዋጋ ጋር ካልታየ ምንም አይናገርም። በፈረንጆቹ 2022 የአገራችን ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ደመወዙ ያልተነካ ሠራተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመግዛት አቅሙ አንድ አራተኛ ገደማ አጣ ማለት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 100ን ለ130 አካፍሉት፣ 77 ይመጣል። ይህ ሰው በየትኛውም ጥናት «ሥራ ያለው» ነው። ጭንቀቱ ግን ከሥራ አጡ ብዙም አይርቅም።

ደረጃ 5፦ ቀኑን ተመልከቱ

ቁጥር ሲወጣ የተሰበሰበው ዛሬ አይደለም። የእኛ ጥናት በየወሩ አይካሄድም። በሁለት ጥናቶች መካከል ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ውጤቱ እስኪታተምም ወራት ይወስዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «መረጃው የተሰበሰበው በየትኛው ወር ነው?» መሆን አለበት። ቅዝቃዜው ከመጀመሩ በፊት የተሰበሰበ መረጃ ስለ ቅዝቃዜው አይመሰክርም። ሪፖርቱ የእኛን ዘመን ወይስ የፈረንጁን እንደሚጠቀምም አጣሩ። በሰባትና በስምንት ዓመት ልዩነት ምክንያት የተሳሳተ ግራፍ አይቻለሁ። «2013» ብሎ የጻፈው ሁለት የተለያዩ ጥናቶችን ሊያመለክት ይችላል።

ወቅትም አለ። ሰኔና ሐምሌ ተመራቂዎች ይወጣሉ። ክረምት ላይ የግንባታ ሥራ ይቀንሳል። ከዘመን መለወጫ እስከ መስቀል ገበያው ይሞቃል፣ የቀን ሥራም ይገኛል። የሐምሌን ቁጥር ከጥቅምት ጋር አታወዳድሩ። ሐምሌን ካለፈው ሐምሌ ጋር አወዳድሩ።

ሥራ አጥነት ከኢኮኖሚው ኋላ ኋላ የሚሄድ ነገር እንደሆነም እወቁ። አሠሪ ገበያ ሲቀንስ መጀመሪያ ትርፍ ሰዓት ይቆርጣል፣ ቅጥር ያቆማል፣ መጨረሻ ላይ ያሰናብታል። ገበያው ሲመለስም ቶሎ አይቀጥርም፤ እስኪያምን ይጠብቃል። አሜሪካ ውስጥ የፈረንጆቹ 2008 ቀውስ በይፋ ያበቃው በፈረንጆቹ ሰኔ 2009 ነው። የሥራ አጥነት ምጣኔው ግን 10 በመቶ ደርሶ ከፍተኛ የሆነው በፈረንጆቹ ጥቅምት 2009 ነበር። ቀደም ብሎ የሚነግራችሁን ከፈለጋችሁ፣ የሰሌዳውንና የጋዜጣውን ክፍት የሥራ ቦታ ብዛት ተከታተሉ። ቅጥር ከስንብት በፊት ነው የሚደርቀው።

ደረጃ 6፦ ጥናትን ከመሥሪያ ቤት ሪፖርት ለዩ

«በበጀት ዓመቱ ለዚህን ያህል ዜጎች የሥራ ዕድል ተፈጠረ» የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። ይህ ከቤት ለቤት ጥናት የመጣ አይደለም፤ ከወረዳ እስከ ቢሮ እየተደመረ የመጣ የአስተዳደር ሪፖርት ነው። ይጠቅማል፣ ግን ሌላ ነገር ነው የሚለካው። በዚያው ዓመት የጠፋው ሥራ አይቀነስበትም። ቋሚውና ጊዜያዊው አንድ ላይ ሊደመር ይችላል። ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ስንቱ ቋሚ ነው? ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ ሥራው ላይ አለ? በዚያው ጊዜ ስንት ሥራ ጠፋ?

ወረዳ ላይ በሥራ ፈላጊነት የተመዘገበው ሰው ብዛትም እንደዚሁ ነው። ሰው የሚመዘገበው የሚያገኘው ነገር ሲኖር ነው። ሥልጠና፣ ብድር ወይም የመሸጫ ቦታ ይሰጣል ሲባል መዝገቡ ይሞላል። ምንም የለም ሲባል ይሳሳል። መዝገቡ ረዘመ ማለት ሥራ አጥ በዛ ማለት ላይሆን ይችላል።

መደበኛውን ቅጥር ለማየት የጡረታ መዋጮ ጥሩ ምልክት ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ አለ፤ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። የሚያዋጣው ሠራተኛ ቁጥር ሲቀንስ መደበኛ ሥራ እየጠፋ መሆኑን ያሳያል። ጀብሎውንና የቤት ሠራተኛዋን ግን አያይም። በስልክ የሚካሄዱ ጥናቶችም አሉ፤ በወረርሽኙ ጊዜ ፈጣን መረጃ የመጣው ከእነሱ ነው። ስልክ የሌለው ቤተሰብ ግን አልተጠየቀም።

ደረጃ 7፦ አማካዩን ክፈቱት

አማካይ ብዙ ይደብቃል። ከተማ ውስጥ የሴቶች የሥራ አጥነት ምጣኔ ከወንዶቹ በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ይህ በየጥናቱ የሚደጋገም ነው። ወጣቱም ከጎልማሳው ይብሳል። ስለዚህ «20 በመቶ» የሚለውን ሰምታችሁ አትለፉ። የሴቶችን፣ የ15 እስከ 29 ዓመቶቹን፣ የትምህርት ደረጃውን ረድፍ ፈልጉ። አስተናጋጅነት፣ ጽዳት፣ ፀጉር ቤትና ችርቻሮ ላይ ሴቶች ይበዛሉ። ከተማው መሃል ያለው ሆቴልና ሱቅ ሲቀዘቅዝ ጉዳቱ ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ነው።

እየቆረሳችሁ ስትሄዱ ግን ናሙናው ያንሳል። «በአንድ ክፍለ ከተማ ያሉ ዲግሪ ያላቸው ወጣት ሴቶች» ስትሉ የተጠየቁት በጣም ጥቂት ሊሆኑ ይችላሉ። ሪፖርቱ ጀርባ ላይ የናሙና ስህተት ሠንጠረዥ አለ። ሠንጠረዡ እውነተኛው ቁጥር ከ15 እስከ 25 በመቶ መካከል ሊሆን ይችላል ካለ፣ ካለፈው ዓመት በሁለት ነጥብ ጨመረ ብሎ መከራከር ከንቱ ነው።

በመቶኛና በመቶኛ ነጥብ መካከል ያለውንም ልዩነት ያዙ። ከ20 ወደ 25 በመቶ የሄደ ምጣኔ በ5 የመቶኛ ነጥብ ጨምሯል። በመቶኛ ከተባለ ግን በ25 በመቶ ጨምሯል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ማስፈራራት የፈለገ 25ን፣ ማረጋጋት የፈለገ 5ን ይመርጣል።

ደረጃ 8፦ የራሳችሁን ሠንጠረዥ ያዙ

አንድ የደብተር ገጽ ይበቃል። ከላይ ወደ ታች የጥናቱን ወርና ዓመት ጻፉ። ወደ ጎን አምስት ዓምድ አስምሩ፦ የሥራ አጥነት ምጣኔ፣ ከሕዝቡ የሚሠራው ድርሻ፣ ከሠራተኛ ኃይሉ ውጭ ያለው፣ መደበኛ ባልሆነ ዘርፍ የሚሠራው፣ የዚያን ጊዜ የዋጋ ንረት። የአዲስ አበባን ረድፍ ብቻ ሙሉ። መለኪያው የተቀየረበትን ዓመት በቀይ ምልክት አድርጉበት።

አነባበቡ እንዲህ ነው። ምጣኔው ወርዶ የሚሠራው ድርሻም ከወረደ፣ ሰው መፈለግ አቁሟል። ምጣኔው ባለበት ቆሞ መደበኛ ያልሆነው ከጨመረ፣ ሰው ወደ ባሰ ሥራ ወርዷል። ምጣኔው ጨምሮ የሚሠራው ድርሻም ከጨመረ ግን አትደንግጡ። ተስፋ ቆርጠው የነበሩ ሰዎች ተመልሰው መፈለግ ጀምረዋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ገበያ ማገገም ሲጀምር ይህ ያጋጥማል።

ሥራ ፈላጊ ከሆናችሁ አንድ ስድስተኛ ዓምድ ጨምሩ፦ ሥራ አጦቹ ምን ያህል ጊዜ ሥራ ሳያገኙ እንደቆዩ። አብዛኛው ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ፣ ያላችሁን ቁጠባ በዚያ ልክ አብቃቁ፤ የመጣውን ጊዜያዊ ሥራ «ከደረጃዬ በታች ነው» ብላችሁ አትመልሱ። አሠሪ ከሆናችሁ የሥራ ሰዓት ዓምድ ጨምራችሁ ተከታተሉ፤ የደንበኞቻችሁ ኪስ መሳሳት ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። ዜና የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ምጣኔውን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። መግለጫውን ለሰጠው ኃላፊ «የሚሠራው ሰው ካለፈው ጥናት ጨመረ ወይስ ቀነሰ? በስንት?» የሚለውን ጥያቄ አቅርቡ፤ መልሱንም ከምጣኔው ጋር በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጻፉት።